ኮልፖስኮፕ፦ ከታላላቅ ሆስፒታሎች እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ

የማኅፀን በር ካንሰር አስቀድሞ ከታየ ሊገታ የሚችል በሽታ ነው። ችግሩ ያለው ከማየቱ ላይ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ ሒንዘልማን ኮልፖስኮፕ የተባለውን ማጉያ መሣሪያ በ1925 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አቀረበ። ከዚያ በኋላ የተለመደው ኮልፖስኮፕ ከገላ ውጭ፣ ከማኅፀን በር 30 ሳንቲሜትር ገደማ ርቆ የሚቆም በመሆኑ፣ ትላልቅ ምስሪቶችና ብርቱ መብራት ያስፈልጉታል። ርቀቱ ክብደትን፣ ክብደቱም ዋጋን ስላስከተለ መሣሪያው ለብዙ ዘመን ከታላላቅ ሆስፒታሎች ሳይወጣ ቀረ።

ለድኻ አገሮች የቀረው ዘዴ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ የኮምጣጤ አሲድ ቀብቶ የሚነጣውን ክፍል በባዶ ዓይን መለየት ነበር። ዘዴው ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ነርሷ ያየችውን ሌላ ባለሙያ መልሶ ሊመረምረው አይችልም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ንድፍ ይህን ስሌት ገለበጠው። አነስተኛ ካሜራና መብራት በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ሆነው ወደ ማኅፀን በር ቀረቡ። ርቀቱ ሲያጥር ትልቁ ምስሪት አላስፈለገም፤ ምስሉም ተቀርጾ ለሩቅ ሐኪም ሊላክ ቻለ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስልት እስከ 2030 ድረስ ከመቶ ሴቶች 70ው እንዲመረመሩ፣ በሽታው ከተገኘባቸውም 90ው እንዲታከሙ ይጠይቃል። ካሜራው የሚያገለግለው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ካልተሟላ ግን ምስሉ ሴቲቱን አያድናትም።