የቆርቆሮ ቱና እና ሜርኩሪ፦ በሳምንት ስንቴ?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ቱናና ሰርዲን ከሱቅ ገዝቶ ለሱሑር ማቅረብ ቀላል ነው። የባሕር ምግብ ሐላልነት በሱረቱል ማኢዳ 96ኛ አንቀጽ ተገልጿል። እኛ የምናነሳው ስለ መጠኑ ነው።

ከየት ይመጣል? ሜርኩሪው የሚመጣው ከቆርቆሮው ሳይሆን ከባሕሩ ነው። ትልልቆቹ ዓሣዎች ትንንሾቹን ሲበሉ በሥጋቸው ይጠራቀማል። ማብሰልም ሆነ ዘይቱን ማፍሰስ አያስወግደውም።

ማንን ይጎዳል? ከሁሉ በላይ በማሕፀን ያለውን ልጅ፤ አእምሮው ገና በመሠራት ላይ ነውና።

ምን ያህል ይበላ? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት በሳምንት የሚመክረው ከሁለቱ አንዱን ነው፦

- ሰርዲን ወይም «ላይት» ቱና፦ በድምሩ ከ2 እስከ 3 ጊዜ
- አልባኮር («ዋይት») ቱና፦ 1 ጊዜ ብቻ፣ በዚያ ሳምንት ሌላ ዓሣ ሳይጨመር

«አንድ ጊዜ» ማለት 113 ግራም ገደማ ነው። ለሕፃናት መጠኑ ያንሳል። የቱናው ዓይነት ከቆርቆሮው ላይ ይነበባል።

እህቶቻችን ዓሣን ጨርሰው እንዲተዉ አንመክርም፤ ለልጁ አእምሮ የሚጠቅም ቅባት አለውና። ቱና የሚያዘወትሩ ከሆነ በሰርዲን ያፈራርቁት። ቆሮሶም ጥሩ ምርጫ ነው፤ በአብዛኛው አልጌ ስለሚመገብ ሜርኩሪ ብዙም አያጠራቅም።