እንግዳ የት ይጋበዝ? የኮንዮ ኮንዮ ገበታ ታሪክ

ከአዲስ አበባ የተነሣ አውሮፕላን ጁባ ሲያርፍ፣ ከመንገደኞቹ መካከል ወንድሙን፣ እኅቱን ወይም የንግድ ሸሪኩን ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ አይጠፋም። ተቀባዩ ሻንጣውን ተረክቦ ወደ ከተማ ይዞት ሲገባ የሚያሳስበው የመጀመሪያ ነገር «የት ልጋብዘው?» የሚለው ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ወደ ሐበሻ ምግብ ቤት ይኬዳል፣ ጥብስና ሽሮ ይታዘዛል፣ ቡና ይፈላል። በማግሥቱም እንዲሁ። እንግዳው ሳምንት ሰንብቶ ሲመለስ ስለ ጁባ ምግብ ቢጠየቅ የሚናገረው ስለ አገሩ ምግብ ብቻ ይሆናል።

ይህ የተቀባዩ ጥፋት አይደለም። እንግዳን በሚያውቁት ማስተናገድ የቆየ ወግ ነው። ይሁን እንጂ ኮንዮ ኮንዮን የመሰለ ገበያ በደጁ ያለው ሰው ለእንግዳው ሊያሳየው የሚገባ ሌላ ብዙ ነገር አለው። በዚህ ገበያ የሚቀርበው እያንዳንዱ ምግብ አንድ ወቅት አንድ ሕዝብ ወደዚህች ከተማ ይዞት የመጣው ነው። ማን መቼ እንደ መጣ፣ ማንስ መቼ እንደ ሄደ ሳሕኑን አይቶ መናገር ይቻላል። የሐበሻው እንጀራም በዚሁ ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ ታሪኩም ብዙዎች እንደሚያስቡት በነጋዴው አልተጀመረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ገበታ የነበራት ከተማ

ጁባ በዕድሜዋ ወጣት ከተማ ናት። የእንግሊዝና የግብጽ ጥምር አስተዳደር የሞንጋላን አውራጃ መቀመጫ ወደዚህ ሥፍራ ለማዛወር ሲወስን፣ በቦታው ይኖሩ የነበሩት ባሪዎች መንደራቸውን እንዲለቁ ታዘዙ። በ1927 ግንባታው በመካሄድ ላይ ነበር። በ1929 ከጁባ በስተ ደቡብ ካለችው ከረጃፍ ነጋዴዎቹ ተነሥተው መጡ፤ በ1930 ደግሞ የገዥው ጽሕፈት ቤት ከሞንጋላ ተዛወረ። ከቀደምቶቹ ነጋዴዎች መካከል ግሪኮች ይገኙበታል። በመሐል ከተማው ዛሬም የሚታዩት አንዳንድ አሮጌ ሕንጻዎች የእነርሱ እጅ ሥራ ናቸው።

በ1930ዎቹ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ ከካይሮ ወደ ደቡብ በሚያደርገው ረጅም በረራ ላይ ጁባን አንዷ ማረፊያው አደረጋት። በዚያው ዘመን የተሠራው ጁባ ሆቴልም መንገደኛውን ይቀበል ጀመር። ለእንግዳ ተብሎ የተዘረጋው የከተማዋ ገበታ በዚህ መልክ ለአውሮፓውያን የተሰናዳ ነበር። የአገሬው ሰው ግን ማታ በየቤቱ አሲዳውን ያገነፋል፣ ኪስራውን ይጋግራል። ሁለቱ ገበታዎች በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ቢኖሩም አይገናኙም ነበር። በሰኔ 1947 ስለ ደቡብ ሱዳን ዕጣ የተመከረበት የጁባ ጉባኤ ሲካሄድም የከተማዋ ኑሮ ይኸው ነበር።

ኢታንግ ላይ የተለመደ ጣዕም

በነሐሴ 1955 የቶሪት ወታደሮች አመፁ። በደቡቡ የተከተለውም ጦርነት በየካቲት 1972 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ስምምነት እስኪገታ ድረስ ብዙ ሕይወት በላ። ስምምነቱ አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ቆየ። በ1983 ጦርነቱ እንደ ገና ሲቀሰቀስ ጁባ በመንግሥት ጦር እጅ የነበረች፣ በዙሪያዋ ግን የተከበበች ከተማ ሆነች። በ1992 አማፂያኑ ሊይዟት ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም። እህልና ዘይት በአውሮፕላን ወይም በወንዝ ጀልባ ካልሆነ በቀር በማይገባበት ከተማ ምግብ ቤት ሊስፋፋ አይችልም።

የኮንዮ ኮንዮ የእንጀራ ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ጊዜ፣ ከጁባ ብዙ ርቆ ነው። ከጦርነቱ የሸሸው የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ኢታንግ፣ ፉኝዶና ዲማ የብዙ ሺህ ሰዎች መጠለያ ሆኑ። በግንቦት 1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ስደተኛው ተመልሶ ወደ አገሩ እስኪጎርፍ ድረስ በእነዚህ ሰፈሮች አንድ ትውልድ አደገ። ከዚያም በኋላ በጋምቤላ የተጠለለው፣ አዲስ አበባ ድረስ ዘልቆ የተማረው ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች አማርኛ ለመዱ፤ ከአማርኛው ጋር ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ የቡናውን ሦስት ዙር ለመዱ።

ስለዚህም ሐበሻ ነጋዴ ጁባ ሲደርስ እንጀራን ለማያውቅ ሰው ማስተማር አላስፈለገውም። አንድ ረጅም ኑዌር ወይም ዲንቃ ወደ ጠባቧ የቆርቆሮ ቤት ጎንበስ ብሎ ገብቶ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል፣ አስተናጋጇ ብትደነግጥም እርሱ ግን የልጅነቱን ምግብ ፍለጋ መምጣቱ ነው። ገበያው ነጋዴውን ቀድሞ ይጠብቀው ነበር። ለዚያ ገበያ ዋጋ የከፈለው ደግሞ ስደት ነው።

ድንኳን፣ ኮንቴይነርና ጀበና

ጥር 9 ቀን 2005 ናይሮቢ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። አዲሱ የደቡብ ሱዳን መንግሥት፣ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞችና የእርዳታ ድርጅቶች ወደ ጁባ ሲገቡ ከተማዋ ለእንግዳ የሚሆን መኝታ እንኳ በቅጡ አልነበራትም። በወንዙ ዳር ድንኳን ተተከለ፤ የዕቃ ኮንቴይነር መስኮት ተቀዶለት ሆቴል ተባለ። የከተማዋ ሁለት ገበታም በአዲስ መልክ ተመለሰ፤ በአንድ ወገን በዶላር የሚከፈልበት የወንዝ ዳር ምግብ፣ በሌላው ወገን የገበያው ሳሕን።

ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የገቡት በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ከዶላሩ ቤት የረከሰ፣ ከአቧራማው መደብ ደግሞ የተደላደለ መቀመጫ ለሚሻ ጸሐፊ፣ ሾፌርና ወታደር ጥላና ወንበር አዘጋጁ። ብዙ ካፒታል አላስፈለጋቸውም። ምጣድ፣ ጀበና፣ በርበሬ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ማልዳ የምትነሣ ወጥ ሠሪ በቂ ነበሩ። ሥራው ከኮንዮ ኮንዮ ወደ ሌሎቹ የከተማዋ ገበያዎች ተስፋፋ፤ አንዳንዱም ከምግብ ቤት ወደ ሆቴል አደገ።

የጤፍ ነገር ግን ሁልጊዜ ፈተና ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ፣ በ2015 በከፊል ፈቅዷል። ከአገር ርቆ የሚጋገር እንጀራ እንደ ሌሎች ከተሞች ሁሉ ከማሽላ፣ ከሩዝ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር መቀላቀሉ የተለመደ ነው። በእንጀራው የመንጣትና የመጥቆር ልክ የዱቄቱን ዋጋ መገመት የሚችሉ ደንበኞች ጥቂት አይደሉም።

ኪስራና እንጀራ

ማሽላው ራሱ ሌላ ጨዋታ ያመጣል። ኪስራ ከማሽላ ሊጥ ይዘጋጃል፤ ሊጡ እንደ እንጀራ ሊጥ ያድርና ይቦካል። ልዩነቱ በምጣዱ ላይ ነው። እንጀራ በወፍራሙ ይፈስሳል፣ ይከደናል፣ ዓይን ያወጣል። ኪስራ ግን በጋለው ምጣድ ላይ በስሱ ተዳምጦ ሳይከደን ይበስላልና እንደ ወረቀት ይሳሳል። ወሎ ወይም ሐረርጌ የማሽላ እንጀራ እየበላ ያደገ ሰው ኪስራን ሲቀምስ ባዕድ ነገር አይሆንበትም። ጀበናም ቢሆን ስሙም ዕቃውም በሱዳን የታወቀ ነው፤ በዚያ ወገን ቡናው ዝንጅብል ይገባበታል።

ኪስራ ወይም አሲዳ ለብቻው አይበላም። አሲዳ ከገንፎ ዘር ነው፤ ቅቤና በርበሬ መሐሉ አይቀመጥበትም እንጂ። ከወጦቹ ሁሉ ለእንግዳ የሚመከረው ኮምቦ ነው፤ ይህም ቅጠላ ቅጠል በተፈጨ ለውዝ ተሠርቶ የሚቀርብ ነው። ሥጋ የሌለበት ኮምቦ ለጾመኛ እንግዳም ይስማማል፤ ይሁን እንጂ ሥጋ ወይም ቅቤ አለመግባቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ባሚያውም እንዲሁ ነው። ይህን ምግብ ጥሩ አድርገው የሚሠሩት በገበያው መደብ ላይ ትልልቅ ድስት ይዘው የሚቀመጡት እናቶች ናቸው። ወደ እነርሱ የሚኬደው በምሳ ሰዓት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ድስቱ ካለቀ ሌላ የለምና።

ለቁርስ ደግሞ ፉል አለ። ይህ የሰሜኖቹ የሱዳን ነጋዴዎች ስጦታ ነው፤ ባቄላው ተደቁሶ በዘይትና በሽንኩርት ይታሻል፣ ዳቦ ይቀርብለታል። የኡጋንዳ ሰዎች ቻፓቲውንና ማቶኬውን ይዘው መጥተዋል። ዓሣውን ግን ከተማዋ ከወንዟ ታገኛለች። ከቴሬኬካና ከቦር አካባቢ የሚመጣ የናይል ፐርችና ቆሮሶ ትኩሱም ደረቁም ይሸጣል። በጁባ አጠገብ የሚፈሰው ነጭ ዓባይ ከኢትዮጵያው ዓባይ ጋር የሚገናኘው ከዚህ በጣም ርቆ ካርቱም ላይ መሆኑን ለእንግዳው መንገር፣ ዓሣው እስኪጠበስ ጥሩ ወግ ይሆናል።

መንገድ ሲዘጋ

የኮንዮ ኮንዮ ሳሕን ሙላትና ጉድለት ከመንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ቲማቲሙም፣ ሽንኩርቱም፣ ዘይቱም በብዛት የሚመጣው ከኡጋንዳ ነው። 192 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጁባና የኒሙሌ መንገድ በ2012 በአስፋልት ተሠርቶ ሲያልቅ ጭነቱ ፈጠነ። ነገር ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ አገሪቱ ከሱዳን ጋር በገባችው ውዝግብ የነዳጅ ምርቷን አቁማ ነበርና ገንዘብ ጠፋ። በታኅሣሥ 2013 ጦርነት ፈነዳ። በታኅሣሥ 2015 የአንድ ዶላር ይፋዊ ምንዛሪ ከ2.96 ፓውንድ ተነሥቶ ወደ 18.5 ገደማ ዘለለ። በሐምሌ 2016 ጁባ ውስጥ ዳግም ውጊያ ሲነሣ ብዙ የውጭ አገር ሰው ከተማዋን ለቅቆ ወጣ። ከምግብ ቤቶቹ የተዘጋው ተዘጋ፣ የቀረውም ገበታውን አሳነሰ።

የቅርቡ ትዝታ የጥር 2025 ነው። በሱዳን ዋድ መዳኒ ደቡብ ሱዳናውያን መገደላቸው ሲሰማ፣ ጁባ ውስጥ ቁጣው በሱዳናውያን ነጋዴዎች ላይ ዞረ። ሱቆች ተዘረፉ፣ ሰዎችም ሞቱ፣ የሰዓት እላፊ ታወጀ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ሲሸሹ በከተማዋ የዳቦ እጥረት ታየ። ፉሉን በዳቦ የለመደ ሰው ያን ሰሞን የጎረቤቱን ዋጋ በባዶ እጁ አወቀ። ለሐበሻው ነጋዴም ትምህርቱ ሩቅ አልነበረም፤ በሰው አገር የተዘረጋ ገበታ የሚጸናው የአገሩ ሰው «የእኔም ነው» ሲለው ነውና።

ለእንግዳው የሚመከረው

እንግዲህ ለሦስት ቀን የመጣ እንግዳ ቢኖር በመጀመሪያው ማለዳ ፉል ይጋበዝ። በጁባ አረብኛ «በካም?» ብሎ ዋጋ መጠየቅን እዚያው ይልመድ፤ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣልና ከመብላት በፊት መጠየቅ ነውር አይደለም። ለምሳ ከእናቶቹ ድስት ኪስራ በኮምቦ ይቅመስ። በሁለተኛው ቀን ዓሣ ይብላ፤ ዓሣው በዓይኑ ፊት ተመርጦ ቢጠበስለት ይሻላል።

እንጀራው ለሦስተኛው ቀን ይቆይ። ያን ዕለት ተቀባዩ ብቻውን አይውሰደው፤ ኢታንግ ወይም ፉኝዶ ያደገ አንድ የሰፈሩን ሰው አብሮ ይጥራ። በገበታው ዙሪያ ሲቀመጡ ጎራሹም አጉራሹም ይኖራል። ቡናው ሲፈላ ስለ ጋምቤላ ዝናብ፣ ስለ ስደተኛው ትምህርት ቤት፣ በልጅነት ስለ ተቀመሰው የመጀመሪያ በርበሬ የሚያወራው ያ ሰው ይሆናል። የዚህ ገበያ እንጀራ ታሪክ በአማርኛ የሚነገረው በእርሱ አፍ ነው፤ ሦስተኛው ስኒ እስኪቀዳም ተረጋግቶ መስማት ነው።