ዜና ባሕር ዘዘመነ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፥ አንድ አምላክ፥ አሜን። የግርማዊ ጃንሆይን የባሕር ነገር በኮልፌ፥ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አጥቢያ ተቀምጠን እንጽፋለን። ባሕሩ ከዚህ ሩቅ ነው፤ ወደ ባሕር የሚወርደው የጅማ ቡና ግን በዚሁ በምዕራብ በኩል ወደ ከተማ ይገባል።

አስቀድሞ አፄ ካሌብ በስድስተኛው ምዕተ ዓመት የናግራንን ክርስቲያኖች ደም ሊመልሱ ከአዱሊስ ወደብ ከገበዛ ተነሥተው ወደ የመን ተሻገሩ፥ ድልም አደረጉ። ከመርከቦቹ ብዙዎቹ ከሮም ግዛት የመጡ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ራቀን። በ1549 ዓመተ ምሕረት ቱርክ ምጽዋን ያዘ፥ ኋላም ግብፅ ከቱርክ ተቀበለ። በግንቦት 1876 አፄ ዮሐንስ በአድዋ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋር ተዋዋሉ፤ የኢትዮጵያ ዕቃ፥ የጦር መሣሪያም ጭምር፥ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ተጻፈ። በጥር 1877 ኢጣልያ ምጽዋ ላይ ወረደ፥ እንግሊዝም አልከለከለም። ቃሉ የቆየው ስምንት ወር ነው።

በመስከረም 1945 እግዚአብሔር የኤርትራን ምድር ከምጽዋና ከአሰብ ጋር በፌዴሬሽን ወደ ዘውዱ መለሰ፤ ጃንሆይም በዚያው ወር የመረብን ወንዝ ተሻገሩ። ብዙ ሳይቆይ የባሕር ኃይል አቆሙ፥ ሠፈሩም በምጽዋ ሆነ። የኖርዌይ መኮንኖች ሥርዓቱን አስያዙ፥ በጡረታ የተሰናበቱ እንግሊዞችም መከሩ። በ1948 የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ። ዕጩ መኮንኑ የሚማረው 52 ወር ነበር፤ ከደጋ የመጣ፥ ከሐይቅ በቀር ሰፊ ውኃ ያላየ ልጅ አራት ዓመት ከአራት ወር ይማር ነበር ማለት ነው። የራስ ደስታ ዳምጠው ልጅ፥ የጃንሆይ የልጅ ልጅ፥ ልዑል እስክንድር ደስታ በምክትል አዛዥነት ተሾሙ። አባታቸውን ኢጣልያ በየካቲት 1929 ገድሎ ነበርና፥ ልጃቸው ኢጣልያ በወረደበት ወደብ ላይ ማዘዛቸው የፈጣሪ ፍርድ ነው።

በታኅሣሥ 1953፥ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ፥ በአዲስ አበባ ጥቂት ግርግር ሆኖ ጸጥ አለ።

በ1954 ግን ታላቂቱ መርከብ መጣች። ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበረ። ርዝመቷ 311 ጫማ፥ በመርከቦቻችን መካከልም የሚተካከላት አልነበረም፤ ትእዛዝ ከእርሷ ይወጣ ነበር፥ ዕጩ መኮንኖችም በእርሷ ተሳፍረው ባሕሩን ይማሩ ነበር። አስቀድሞ የአሜሪካ ነበረች፥ ኦርካም ትባል ነበር፤ በፓስፊክ ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን አገልግላለች። አሮጌ ናት የሚሉ አልጠፉም፥ ነገር ግን ጦርነት ያየ ፈረስ ካላየው ይሻላል። በባሕር ኃይል ቀን ጃንሆይ የአድሚራል ልብስ ለብሰው ወደ ምጽዋ ይወርዱ ነበር። የአሜሪካ፥ የሶቪየት፥ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ መልሕቅ ይጥሉ ነበር፤ በዓለም ሁሉ የሚፈራሩት በምጽዋ ጎን ለጎን ቆመው ለአንድ ንጉሥ ሰላምታ ይሰጡ ነበር። እንዲህ ያለ ክብር ለካሌብም አልሆነ። ባንዲራው ሲሰቀል የምጽዋ ሙቀት እንኳ የሚረሳ ነበር ይላሉ፥ ያዩ ሰዎች።

የባሕር ነገር ባይሆንም፥ በዚሁ በ1954 በሐምሌ፥ በእኛው ሠፈር በኮልፌ የፖሊስ ማሠልጠኛ፥ ኔልሰን ማንዴላ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሰው መጥቶ የጦር ትምህርት ተማረ። ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ተቀበሉት።

በኅዳር 1955 ፌዴሬሽኑ ቀረ፤ በአስመራ ምክር ቤት ፈቃድ ሆነ ተባለ።

በ1956 የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ተቋቋመ፥ የአገሩን ጭነት በአገሩ መርከብ ለማድረግ። ይህ ከመድፉ ይልቅ ይበጃል ብለን እናስባለን፥ ጃንሆይም ሁለቱንም ወደው ነበር። በ1959 በአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተ፥ የሠሩትም ሶቪየቶች ናቸው። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ግብፅና እስራኤል ተዋግተው የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ ከምጽዋና ከአሰብ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ጭነት አፍሪካን በደቡብ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት። የቡና ነጋዴዎች አጉረመረሙ። ቦዩን የዘጋው የእኛ መንግሥት አይደለምና፥ ማጉረምረማቸውን በዚህ መጽሐፍ አናገባውም።