አዋላጅ፣ ውኃና መንገድ በጅጅጋና በአካባቢዋ

በጅጅጋ ሜዳ ሐኪም ቤት ከመታነጹ አስቀድሞ ሕፃናትን የሚቀበሉ እጆች ነበሩ። የሶማሌ ሕዝብ እነዚህን ሴቶች «ኡሙሊሶ» ይላቸዋል። ኡሙሊሶ እትብት ቆርጣ የምትሄድ ሴት ብቻ አልነበረችም፤ ወላዷ በሶማሊኛ «ኡሙል»፣ በአማርኛ አራስ ተብላ በምትቆይበት የአርባ ቀን ጊዜ ውስጥም የቤተሰቡ አማካሪ ነበረች። ይሁን እንጂ ሙያዋ ወሰን ነበረው። ደም አልቆም ሲል ወይም ፅንሱ ተጋድሞ ሲገኝ ከጸሎት በቀር መድኃኒት አልነበራትም። ከዚህም በላይ፣ በብዙ ሥፍራ ሴት ልጅን ገርዞ የሚሰፋው እጅ ያው የአዋላጂቱ እጅ ነበር። ስፌቱ ያከበደውን ምጥ ከዓመታት በኋላ የምትጋፈጠውም እርሷው ነበረች።

ዘመናዊው ሙያ በአገራችን ሥር መስደድ የጀመረው በ1940ዎቹ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች የኅብረተሰብ ነርሶችን አሠለጠነ። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ወደ አዲስ አበባ የመጡትም በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። በተራዘመ ምጥ የተጎዱ ሴቶችን ሥቃይ ካዩ በኋላ ግን ዕድሜያቸውን ለፊስቱላ ሕክምና ሰጡ።

1970 ዓ.ም. ለጅጅጋ የመከራ ዓመት ነበር፤ ከተማይቱ በመስከረም በሶማሊያ ጦር ተይዛ የካቲት 26 ቀን ነጻ ወጣች። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአልማ አታ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የልምድ አዋላጆች ተገቢ ሥልጠና እያገኙ የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ አጋር እንዲሆኑ ጠየቀ። የትምህርቱም ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፤ ይኸውም ንጹሕ እጅ፣ ንጹሕ ምላጭ፣ ንጹሕ የእትብት ማሠሪያ ነው።

ነገር ግን እጅ ያለ ውኃ አይነጻም። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሆስፒታል ዶክተር ዜመልቫይስ ከአዋላጆቹ ክፍል ይልቅ በሐኪሞቹ ክፍል ብዙ እናቶች እንደሚሞቱ ተመለከተ። ሐኪሞቹ ከሬሳ ምርመራ ሲመለሱ እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ ሞቱ እጅግ ቀነሰ። ይህ ትምህርት በሐርቲሼክ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። በ1980 ዓ.ም. ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሠፈሩበት በዚያ ሜዳ ዘላቂ የውኃ ምንጭ ስላልነበረ ውኃ ከጅጅጋ በቦቴ ይመላለስ ነበር፤ የአገሬው ሰውም የዝናብ ውኃ በሚያጠራቅመው ቢርካ ይኖር ነበር። ኋላ ግን ከጀረር ሸለቆ ወደ ቀብሪበያህ የተዘረጋው የቧንቧ መስመር ለስደተኛውም ለነዋሪውም ውኃ አደረሰ። እንዲህ ያለ መስመር ከሐኪም መሣሪያ ተለይቶ ሊታይ አይገባም።

በ1984 ዓ.ም. የአገራችን አዋላጆች ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተጀመረ። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት በሶማሌ ክልል ከ100 ወሊዶች 18ቱ ብቻ በጤና ተቋም እንደ ተፈጸሙ አሳይቷል። የአገሪቱ አማካይ 26 ነበር። በክልሉ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 7.2 ልጆች ትወልድ ስለ ነበር፣ አደጋውን የምትጋፈጠው አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም።

የሙያው ሊቃውንት የእናቶችን ሞት ከሦስት መዘግየቶች ጋር ያያይዙታል፤ እነርሱም ለመወሰን፣ ለመድረስና ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ናቸው። የመጀመሪያውን የሚያሳጥረው አመኔታ ነው፤ ይህም ዛሬም በኡሙሊሶዋ እጅ ይገኛል። ሁለተኛውን መንገድ፣ ሦስተኛውን ደግሞ የሠለጠነች አዋላጅ፣ ውኃና መብራት ያሳጥሩታል። አዋላጅ ወይዘሮ ኤድና አዳን በ1994 ዓ.ም. በሐርጌሳ የከፈቱት የወሊድ ሆስፒታልም ከየመንደሩ የመጡ ልጃገረዶችን በአዋላጅነት ማሠልጠኑ አመኔታንና ዕውቀትን በአንድ ሰው ለማገናኘት ነው።

እንግዲህ ከአውበሬ እስከ ቶጎጫሌ፣ ከሐርሸን እስከ ቀብሪበያህ አዋላጅ ሲመደብ፣ ውኃው ከየት ይመጣል፣ በክረምት ጭቃ አምቡላንስ በየት ያልፋል የሚለው ጥያቄ አብሮ መመለስ አለበት። አዋላጂቱን ያለ ውኃና ያለ መንገድ መላክ፣ የጥንቷን ኡሙሊሶ ነጭ ካፖርት አልብሶ ብቻዋን እንደ መተው ይቆጠራል።