ቫይረስ ነው ከማለታችን በፊት

ኮምፒውተራችን ድንገት ሲዘጋ መጀመሪያ የምንወነጅለው ቫይረስን ነው። «ፎርማት ይደረግ!» ብለን እንፈርዳለን። የሜሞሪ ታሪክ ግን አትቸኩሉ ይለናል።

በ1978 እ.ኤ.አ. የኢንቴል ተመራማሪዎቹ ቲሞቲ ሜይና መሪ ዉድስ የሜሞሪ ቺፖች ለምን ያለምክንያት እንደሚሳሳቱ ደረሱበት። ቺፑ በታሸገበት ቁስ ውስጥ የነበረ ኢምንት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ጨረር እየለቀቀ ዳታውን ይለውጠው ነበር።

በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብራስልስ ውስጥ በስካርቤክ ወረዳ በተካሄደ የኤሌክትሮኒክ ምርጫ አንዲት ዕጩ ልታገኝ ከምትችለው በላይ ድምፅ ተቆጠረላት። ድጋሚ ሲቆጠር ትርፉ ልክ 4,096 ሆነ፤ አሥራ ሁለት ሁለቶችን ስናባዛ የሚገኝ ቁጥር ነው። አንዲት ቢት ብትገለበጥ የሚመጣ ልዩነት ማለት ነው! ፕሮግራሙ ተፈትሾ ስህተት አልተገኘበትም። ከጠፈር የመጣ ጨረር ተጠረጠረ፤ አልተረጋገጠም።

እንዲህ ያለው ስህተት እዚያው ቦታ አይደጋገምም። የተበላሸ ወይም ከማዘርቦርዱ ጋር ያልተስማማ ራም ግን ይደጋግማል። ስለዚህ ፎርማት ከማድረጋችን በፊት ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጣን እንሞክር፤ ሌሊቱን በሜምቴስት86 እናስፈትሽ።

የሚዘጋ ኮምፒውተር ቢያንስ መታመሙን ይናገራል። የሚያስፈራውስ ሳይዘጋ ድምፃችንን አሳስቶ የሚቆጥረው ነው።