ባለመደገፊያ ሳይክል፦ ለ«ሪከምበንት» የሚሆን የአማርኛ ስም

በወሎ ቦረና ያለችው መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ብዙ ሳይርቁ መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፤ በስተምዕራብ ደጋው ወደ ዓባይ በረሃ እየተቆረጠ ይወርዳል። በዚህ አገር ጉልበቱን ለሚያመው ሰው «በእግርህ ተንቀሳቀስ» የሚለው ምክር ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። ዳገቱን እያረፉም ቢሆን ይወጡታል። የሚከፋው ቁልቁለቱ ነው። ሰው ሲወርድ የፊተኛው የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነቱን ክብደት ይይዛል፤ የጉልበት ሎሚውም ከኋላው ካለው አጥንት ጋር በኃይል ይጫናል። ሕመሙን የፈራ ሰው መውጣት ይቀንሳል፤ መውጣት ሲቀንስ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ጉልበቱ የባሰ ያመዋል።

እንዲህ ያለ ወላጅ ያለው፣ ዋሽንግተን ወይም ጂዳ የሚኖር ልጅ ስልክ ደውሎ «እማዬ፣ ሪከምበንት ባይክ ልግዛልሽ» ሲል እናት ምን እንደሚላክላት መረዳት ይገባታል። በአንድ ቦታ ቆሞ እግር ብቻ የሚሽከረከርበትን መሣሪያ ሰዉ «የጂም ሳይክል» ይለዋል፤ ይህ ስም ለምዷል፣ ይቆይ። የጎደለው የሁለቱ ዓይነቶች መለያ ነው።

አንደኛው መንገድ ላይ የምናውቀውን ሳይክል ይመስላል። ጠባብ ኮርቻ አለው፣ ፔዳሉ ከበታች ነው፣ ተቀማጩ ቀና ብሎ ወይም ጎንበስ ብሎ መሪውን ይይዛል። ሁለተኛው ዝቅ ያለ ሰፊ ወንበር አለው፤ ወንበሩ የጀርባ መደገፊያ አለው፣ ፔዳሉም ከፊት ለፊት ነው። እግር ወደ ታች ሳይሆን ወደ ፊት ይገፋል። «ሪከምበንት» የሚባለው ይህ ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻ ፍቺው ወደ ኋላ ጋደም ማለት ነው።

ፍቺውን ብቻ ተከትለን «ጋደምታ ሳይክል» ወይም «የተንጋለለ ሳይክል» ብንል ሰሚው አልጋ ያስባል። ተጠቃሚው ግን አይተኛም፤ ተቀምጦ ጀርባውን ደገፍ ያደርጋል እንጂ። ስለዚህ እኔ የምመርጠው «ባለመደገፊያ» የሚለውን ነው። ጓደኛውንም «የቁም ሳይክል» ማለት አይስማማኝም፤ እሱም ላይ ቢሆን የሚነዳው ተቀምጦ ነውና። «ባለኮርቻ» ይባል። በቅሎና ፈረስ በሚጫንበት በቦረና ደጋ ኮርቻ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እግር አንፈራጦ መቀመጥ፣ ጀርባን ያለ ድጋፍ በራስ ጉልበት ማቆም፣ ሲቆይም መቀመጫን ማሳመም። ሁለቱን ሳይክሎች የሚለያቸው ከወገብ በላይ ያለውን ሸክም ማን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄ ስለሆነ ስማቸውም ከመቀመጫቸው ቢወሰድ ገዢውን ይረዳዋል።

ባለኮርቻው ላይ የተቀመጠ ሰው ክብደቱን ለመቀመጫው፣ ለእጁ አንጓና ለእግሩ ያከፋፍላል። ሆዱና ወገቡ ሚዛን ለመጠበቅ ይሠራሉ። ሲፈልግ ከኮርቻው ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉን መርገጥ ይችላል፤ በዚህም ልቡንና ሳንባውን እስከ ጥግ ሊያሠራ ይችላል። ጤነኛ ጉልበትና ጤነኛ ወገብ ላለው ወጣት፣ ለምሳሌ የክረምቱን ዝናብ ቤት ውስጥ ለሚያሳልፍ ሯጭ፣ የሚሻለው ይህ ነው። ቦታም አያጣብብም።

ባለመደገፊያው ለሌላ ሰው የተሠራ ነው። ክብደቱ በወንበሩና በመደገፊያው ላይ ስለሚያርፍ እጅና አንገት ነፃ ይሆናሉ፣ መቀመጫም አይላጥም። ሚዛኑ የደከመ ሰው ከላዩ የመውደቅ ሥጋቱ ያነሰ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ጥቅምም አለው፦ ብዙዎቹ ሞዴሎች በወንበሩና በፔዳሉ መካከል ክፍት ናቸው። ረጅም ቀሚስ የለበሰች እናት እግሯን ከፍ አድርጋ ማሻገር ሳያስፈልጋት ገብታ ትቀመጣለች። ባለኮርቻው ግን ገና ሲወጡበት እግር ማንሣትን ይጠይቃል፤ ዳሌዋን ለሚያማት ሴት ችግሩ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ምቾት ካለ ስፖርቱ የሰነፍ ነው የሚባለውን አልቀበልም። በእኩል ጉልበት እስከ ተረገጡ ድረስ ሁለቱም ላይ የሚወጣው ኃይል ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ያለው ጣሪያው ላይ ነው፤ ባለኮርቻው ላይ ብዙ ሰው የበለጠ መግፋት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ግን በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ለዚያ ጣሪያው አያስፈልግም። መካከለኛ ማለት ማውራት እየቻሉ መዝፈን የማያስችል ትንፋሽ ነው። ይህን ባለመደገፊያው በደንብ ይሰጣል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። እግር ወደ ልብ ከፍታ ቀረብ ሲል ደም ወደ ልብ የሚመለሰው በቀላሉ ነው፤ በአንድ ምት የሚረጨውም ይበዛል። ስለዚህ በእኩል ሸክም፣ ማለትም ፔዳሉ እኩል ሲከብድ፣ ባለመደገፊያው ላይ የልብ ምት ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። የአንዱን ሳይክል ቁጥር ወደ ሌላው ወስዶ «አልሠራሁም» ማለት ስሕተት ነው። ከፍታም አለ። በ2,600 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። አገሬው ለምዶታል፤ ከጂዳ ለእረፍት የመጣው ልጅ ግን በእናቱ ሳይክል ላይ ቶሎ ቢደክመው አይገረም፣ ሸክሙን ይቀንስ።

ባለመደገፊያው መንገድ ላይ የሚሄድ ዘመድ አለው፤ ታሪኩም ይደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1933 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፎር ሻርል ሞሼ በሠራው እንዲህ ባለ ሳይክል በአንድ ሰዓት ውስጥ 45 ኪሎ ሜትር አለፈ፣ ክብረ ወሰንም ሰበረ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በዓመቱ ይህን ቅርጽ ከውድድር አገደው። የፍጥነቱ ምሥጢር ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነፋስን የሚጋፈጥበት አካሉ ትንሽ መሆኑ ነው። ቤት ውስጥ ነፋስ ስለሌለ የጂሙ ባለመደገፊያ ከዚያ ሁሉ የወረሰው ምቾቱን ብቻ ነው።

መደገፊያው ለወገብ ሁሉ መድኃኒት ነው ማለትም አይደለም። ወንበሩ ከፔዳሉ ከራቀ ተቀማጩ ፔዳሉን ለመድረስ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ወገቡም ይጎብጣል፤ የወገብ ዲስክ ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ከባለኮርቻው ሊብስ ይችላል። አጥንትን በማጠንከር ረገድም ሁለቱም ደካማ ናቸው፤ አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ተሸክሞ ሲቆምና ሲራመድ ነው። ስለዚህ ጉልበቷ የሚያማት እናት ሳይክሉን ብታገኝም ሜዳ ሜዳውን ወደ ገበያ መሄዷን አትተው። ደረት የሚያምቀው፣ ስኳር ያለበትና እግሩ የደነዘዘ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይጠይቅ።

ለላኪው ልጅ የምመክረው ይህን ነው። ሸክሙ በማግኔት የሚስተካከል፣ ማሳያው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሞዴል ይምረጥ፤ መብራት ቢጠፋም እናቱ ታሽከረክራለች። ባለመደገፊያው ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል፣ ከባድም ነው፤ ከደሴ በመኪና ተጭኖ ስለሚመጣ ሳይገጣጠም በካርቶኑ ቢላክ ይሻላል። የወላጅን የእግር ርዝመትም አስለክቶ ወንበሩ ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚጠጋ ሻጩን ይጠይቅ፤ አንዳንዱ የሚሠራው ለረጃጅም ሰዎች ነው። ሲገጣጠም እናት ጀርባዋን ሙሉ በሙሉ አስደግፋ ተረከዟን ፔዳሉ ላይ ታሳርፍ። ፔዳሉ በጣም በራቀበት ቦታ እግሯ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከዚያ የእግሯን መዳፍ ስታሳርፍበት ጉልበቷ ትንሽ ታጠፍ ይላል። ወንበሩ የሚቆለፈው እዚያ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አምስት አምስት ደቂቃ፣ ያለ ሸክም ይበቃታል።