ውጤት እንደ ምስክርነት፦ ከዲማ ቅኔ ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲው መዝገብ

(በፋኩልቲው ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ከድምፅ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ደንብ ነው፤ ተማሪ እንዴት ይመዘገባል፣ በምን ይመዘናል፣ መቼስ ይሰናበታል የሚለው ደንብ። ርእሱ ደረቅ ቢመስላችሁ አልፈርድም፤ ለእኔም ለብዙ ዓመታት የሬጅስትራር ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ተማሪ ነው። ስለ እርሱ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ወደ ምሥራቅ ጎጃም ልውሰዳችሁ።

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ እኔ የተወለድሁበት አገር መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የአገሪቱ ታላላቅ ጉባኤ ቤቶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ዲማ ጊዮርጊስ ከብቸና ብዙም አይርቅም። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቋቋመችው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የቆሎ ተማሪን ኑሮ ያን ያህል አጥርቶ የሚያሳየን ከዚያ ሕይወት ስለ ወጣ ነው።

እነዚህ ቤቶች ተማሪን እንዴት ይመዘግቡ፣ እንዴትስ ይመዝኑ ነበር?

ምዝገባው አጭር ነበር። የመግቢያ ፈተና፣ ኮታና የምደባ ዝርዝር አልነበረም። ተማሪው የመምህሩን ዝና ሰምቶ፣ ደበሎውን ለብሶና አኩፋዳውን አንግቶ በእግሩ ይመጣል፤ የኔታን እጅ ይነሣል፤ ጎጆ ይቀልሳል ወይም ከቀደሙት ተማሪዎች ጋር ይጠጋል። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ ያድራል። የሚማርበትን ቤት የሚመርጠው ራሱ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ በቅኔ መንገዳቸው ይለያዩ ነበርና ከአንዱ ቤት የጨረሰ ሌላውን ለመስማት እንደገና ስንቁን ቋጥሮ ይነሣ ነበር።

ምዘናው ግን ረጅምና የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር። የቅኔ ተማሪ በባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። መምህሩ ሲዘርፉ ይሰማል፤ በማግስቱ ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያም የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ግሱ ከተሳሳተ፣ ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልሰመረ እዚያው ይታረማል። ሲሳካለት ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ እያለም እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ሁሉን ሲያዳርስ «ቤት ሞላ» ይባላል። አንዱ በሁለት ዓመት፣ ሌላው በአምስት ዓመት ቢሞላ ነውር አልነበረም። ከመቶ ስንት አገኘ የሚል ጥያቄም አይነሣም፤ ጥያቄው ቻለ ወይስ ገና ነው የሚል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በጉባኤ ቤት ትምህርቱን የፈጸመ ሰው «አስመሰከረ» ይባላል። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ወረቀቱን የሰየምነው «የምስክር ወረቀት» ብለን ነው። ቋንቋችን የውጤትን ምንነት አስቀድሞ ነግሮናል፤ ውጤት ምስክርነት ነው። ምስክርነት ከሆነ ደግሞ መስካሪ አለው፤ መስካሪውም ይጠየቅበታል። ቅኔ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ከአንድ ደብር ሲደርስ የሚቀርብለት ጥያቄ «ከማን ተማርህ?» የሚል ነበር። ደካማ ሆኖ ከተገኘ የሚያፍረው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ያስመሰከሩት መምህርም አብረው ይታሙ ነበር።

ያንን ዘመን ለማሞገስ አልመጣሁም። የዚያ ቤት በር ለሴቶች የተዘጋ ያህል ነበር፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ የቅኔ መምህርት በጎጃም መነሣታቸው የሚያስደንቀን ስንቶቹ በር ላይ እንደ ቀሩ ስለምናውቅ ነው። የመምህሩ ቂም ወይም አድልዎም በተማሪው ላይ የሚከላከለው ደንብ አልነበረውም። ተማሪው በተበደለ ጊዜ የነበረው ይግባኝ እግሩ ነው፤ ወደ ሌላ መምህር መሄድ።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጉድለት መልስ ይዞ መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳውያን ኢየሱሳውያን አስተዳደር ሥራ ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የክሬዲት ሰዓቱ፣ የፊደል ውጤቱና የነጥብ አማካዩ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ናቸው። ፊደሉ በአሜሪካም ቢሆን ጥንታዊ አልነበረም፤ ማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ ፊደልን ከመቶኛ ጋር አቆራኝቶ ሥራ ላይ ያዋለው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነበር፤ የባላባት ልጅና የጭሰኛ ልጅ በአንድ ወረቀት ይፈተናሉ፤ መምህሩም የማንን ልጅ እንደሚያርም ማወቅ አያስፈልገውም።

ነገር ግን መስካሪው ከምስክርነቱ ራቀ። ለአሥርት ዓመታት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሠራው ተነጻጻሪ የውጤት አሰጣጥ፣ ተማሪው ምን እንዳወቀ ሳይሆን ከጓደኞቹ ስንተኛ እንደሆነ የሚናገር ነበር። አሁን ወደዚያ ተማሪ ልመለስ።

ስሙን በማልጠራው ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ መምህር ነበርሁ። ተማሪው ከሞጣ በኩል የመጣ፣ ማስጠንቀቂያ ላይ የነበረ ልጅ ነው። በእኔ ኮርስ ከመቶ 63 አመጣ። ክፍሉ ጠንካራ ስለ ነበር ውጤቱን በተርታ ሳሰላው 63 ዲ ላይ ዋለ፤ አማካዩም ከ2.00 ጥቂት ዝቅ አለና ተሰናበተ። ሻንጣውን ከማንሣቱ በፊት ቢሮዬ መጣ። አልተቆጣም፤ አልለመነምም። «መምህር፣ የጎደለኝ የቱ እንደሆነ ይንገሩኝ» አለኝ። አባቱ መሪጌታ እንደሆኑ ኋላ ሰማሁ፤ ጥያቄው የቅኔ ቤት ጥያቄ ነበር። የፈተና ወረቀቱን አገላብጬ የምለውን አጣሁና «ክፍሉ ጠንካራ ነበር» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና «እንግዲያ የምሰናበተው ጓደኞቼ ስላወቁ ነው?» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ደንቡን አላጓደልሁም። ማንም መርማሪ ቢመጣ መዝገቤ ንጹሕ ነበር። ግን መስክር ስባል የምመሰክረው አልነበረኝም።

ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በሞጁል ሥርዓት የተስፋፋው ቋሚ መለኪያ ይህን ግፍ አስቀርቷል፤ 63 ያመጣ ተማሪ በጎረቤቱ ምክንያት አይወድቅም። ሆኖም ሌላ ችግር ተከተለ። የዩኒቨርሲቲዎቹ ቁጥር ከ40 በላይ ሆነ፤ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 70 ለ30 የተባለው ድልድል ብዙውን ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ መራ፤ ምደባውም በአብዛኛው በማዕከል ስለሚሠራ ተማሪ መምህሩን ቀርቶ ከተማውንም እንደ ልቡ አይመርጥም። ሳይመርጥ የተመደበን ተማሪ በብዛት ተቀብሎ በብዛት የሚያሳልፍ ቤት፣ ፊደሉ ቋሚ ቢሆንም ምስክርነቱ ይሳሳል።

ይህ መሳሳት የታየው በ2015 ዓ.ም. ነው። የመውጫ ፈተናው በሁሉም የትምህርት መስኮች ሲጀመር ማለፊያው 50 ከመቶ ነበር፤ ከተፈተኑት ከ150 ሺሕ በላይ ዕጩ ተመራቂዎች ያለፉት 40 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ብዙዎች ይህን የተማሪዎች ውድቀት አድርገው አነበቡት። እኔ ያነበብሁት በሌላ መንገድ ነው። እነዚያ ተማሪዎች እያንዳንዱን ኮርስ አልፈው ነበር፤ በየሴሚስተሩ «ችለዋል» ብለን የፈረምነው እኛ መምህራኑ ነን። አገሪቱ የውጭ ምስክር የጠራችው የእኛን ቃል ማመን ስላቃታት ነው። የውጭ ምስክር ደግሞ ወድቋል ማለት ይችላል እንጂ የጎደለው የቱ እንደሆነ ቀርቦ አይነግርም።

ምን ይደረግ? ወደ ጎጆው እንመለስ አልልም። በሺሕ የሚቆጠር ተማሪ በየኔታ ፊት አይነግርም። ሦስት ነገሮች ግን በደንባችን ሊጻፉ ይችላሉ። አንደኛ፣ ኮርሱ ሳይጀመር ተማሪው ምን ሲችል እንደሚያልፍ በጽሑፍ ይወቅ። ሁለተኛ፣ የታረመ ፈተና ከነምክንያቱ ይመለስለት፤ ቅሬታ ሲኖረውም ወረቀቱን ያላረመ ሁለተኛ መምህር ይየው። ሦስተኛ፣ ማንም ተማሪ በነጥብ ክፍልፋይ ከመሰናበቱ በፊት ያስተማሩት መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የጎደለውን በቃል ይናገሩ። መናገር ካልቻሉ አይሰናበት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው ግጭት የትምህርት ዘመናቸው የተቆራረጠባቸው ወጣቶች ነገ በዚህ በር ይመጣሉ፤ ከብቸናም ከሞጣም ይመጣሉ። የሴሚስተር ሰሌዳችን የሚጠይቃቸው በጊዜው ጨርሰዋል ወይ ብሎ ነው። የዲማው ቤት ግን ይጠይቅ የነበረው ችለዋል ወይ ብሎ ነበር። ደንባችንን ስናሻሽል የትኛውን እንደምንጠይቅ አስቀድመን እንወስን፤ ከእነርሱ አንዱ ቢሮአችን መጥቶ «የጎደለኝ የቱ ነው?» ሲለን እንደ እኔ ዝም እንዳንል።